ሃርድቶፕ ላይ ቱርቦ ለመግጠም፦ 1ኤችዜድ ውስጡ ሳይነካ ስንት ግፊት ይችላል?

ጋራዥ ውስጥ አዘውትሬ የምሰማው ጥያቄ ይኸው ነው፦ «ውስጡን ሳንነካው ስንት ፒኤስአይ ይችላል?» ጠያቂዎቹ አብዛኛውን ጊዜ የላንድክሩዘር ሃርድቶፕ ወይም የ79 ፒክአፕ ባለቤቶች ናቸው። ሞተሩ 1ኤችዜድ ነው፤ ስድስት ሲሊንደር፣ 4,164 ሲሲ፣ ከፋብሪካው ያለ ቱርቦ የወጣ ናፍጣ። ጥንካሬው አያከራክርም። ጭኖ የጣርማ በርን ዳገት ሲወጣ ግን ከኋላው ያለው ሲኖትራክ ክላክስ ይለቅበታል፤ ባለቤቱ በማግስቱ «ቱርቦ ግጠምልኝ» ብሎ የሚመጣው ለዚህ ነው።

መልሱን አላዘገይም። ጤነኛ ለሆነ፣ ላልተከፈተ 1ኤችዜድ 7 ፒኤስአይ የቱርቦ አየር ግፊት፣ ማለትም ግማሽ ባር ገደማ እሰጠዋለሁ። ጥሩ ኢንተርኩለር (ከቱርቦው የሚወጣውን አየር ማቀዝቀዣ) ካለው 8። ከ10 በላይ የሚፈልግ ሰው ፒስተኑንና ቴስታታውን (የሲሊንደሮቹን ክዳን) አስቀድሞ ያስብበት፤ ያንን ሳያደርግ እኔ አልገጥምለትም። ይህን ቁጥር ብቻ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ግን ሞተራችሁን አላዳናችሁትም። በ6 ፒኤስአይ የተቃጠለ 1ኤችዜድ ከፍቻለሁ፤ በ9 ፒኤስአይ ዓመታት የሚሠራም አውቃለሁ። ልዩነቱ ግፊቱ አልነበረም፤ ናፍጣው ነው።

«ብሎኩ አንድ አይደለም እንዴ?»

ይህን ክርክር የሚያመጡት ነገሩን ትንሽ ያነበቡ ደንበኞች ናቸው። ቶዮታ ራሱ 1ኤችዲቲ የሚባለውን ሞተር በዚያው 4,164 ሲሲ ከቱርቦ ጋር ከ1990 ጀምሮ አውጥቷል፤ እንግዲህ 1ኤችዜድም ይችላል ይላሉ። መጠናቸው አንድ ነው፤ አቃጣጠላቸው ግን ለየቅል ነው። 1ኤችዲቲ ናፍጣውን በቀጥታ ፒስተኑ አናት ላይ ባለው ጎድጓዳ ውስጥ ይረጫል፤ የእመቃ መጠኑም 18.6 ለ1 ነው። 1ኤችዜድ ግን ናፍጣውን ቴስታታው ውስጥ በተቀበረች ትንሽ ክፍል ውስጥ ይረጫል፤ እሳቱ እዚያ ተነሥቶ በጠባብ አፍ በኩል ወደ ፒስተኑ ይወረወራል። እመቃው ደግሞ 22.4 ለ1 ነው፤ ቱርቦ ሳይኖረውም አየሩን አጥብቆ የሚጨምቅ ሞተር ነው። በዚያ ላይ ግፊት ስትጨምሩበት የሲሊንደሩ ከፍተኛ ግፊት ቶሎ ይንራል፤ ሙቀቱም የሚጠራቀመው ቴስታታው ላይ፣ በዚያች ጠባብ አፍ ዙሪያ ነው።

የተጎዳ ቴስታታ ጠረጴዛ ላይ ገልብጬ ጥቀርሻውን በናፍጣ አጥቤ በጨርቅ ስጠርገው፣ መጀመሪያ ምንም አይታይም። ባትሪ በጎን ሳበራበት ግን ከጭስ ማውጫው ቫልቭ መቀመጫ ተነሥታ ወደ ማስገቢያው ቫልቭ የምትሄድ ጥቁር መስመር ትወጣለች። ጥፍሬን ሳስኬድባት ትይዘኛለች። ሌላዋ የምትነሣው ከዚያች የማቃጠያ ክፍል አፍ ነው። መስመሯ እስከ ውሃው መንገድ ከዘለቀች ቴስታታው አበቃለት። በብየዳ «አድኜልሃለሁ» የሚል አይጠፋም፤ እኔ ግን ቱርቦ ላለው መኪና የተበየደ ቴስታታ አልመልስም።

ፒስተኑ ደግሞ አሉሚኒየም ነው። ንጹሕ አሉሚኒየም 660 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፤ የሞተሩ እሳት ደግሞ ከዚያ እጅግ ይበልጣል። ፒስተኑ የሚተርፈው በሁለት እሳት መካከል የሚገባው አየር፣ ከሥር የሚነካው ዘይትና በፋሻዎቹ (በፒስተኑ ቀለበቶች) በኩል ወደ ሲሊንደሩ ግድግዳ የሚሸሸው ሙቀት ስለሚያቀዘቅዙት ነው። ሙቀቱ ከዚህ ማቀዝቀዣ ከበለጠ መጀመሪያ የሚለቀው የላይኛው ፋሻ መቀመጫ ነው፤ ከዚያ አናቱ ይሰነጠቃል።

ሙቀቱን የሚያመጣው ማን ነው?

የቤንዚን ሞተር የለመደ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። በቤንዚን ሞተር ነዳጅ ካነሰ ሙቀት ይጨምራል፤ በናፍጣ ግን የተገላቢጦሽ ነው። የናፍጣ ሞተር ውስጥ ትርፍ አየር ያቀዘቅዛል፤ ትርፍ ናፍጣ ያግላል። ስለዚህ የናፍጣ ፖምፓውን ሳትነኩ 7 ፒኤስአይ አየር ብቻ ብትሰጡት፣ የጭሱ ሙቀት ከበፊቱ ዝቅ ይላል፤ ጥቁር ጭሱም ይጠራል። ጉልበቱም ቢሆን፣ በተለይ እዚህ ደጋው ላይ፣ በግልጽ ይሻሻላል። ሞተሮች የሚቃጠሉት «ቱርቦ አስገብቼ ለውጡ አልታየኝም» ተብሎ ፖምፓው ኋላ ያለችው ናፍጣ የምትጨምር ብሎን ስትዞር ነው። ጥቁር ጭስ የጉልበት ምልክት የሚመስላቸው ሾፌሮች አሉ፤ እኔ ሳየው የምትቀልጥ ፒስተን ትታየኛለች።

ከፍታው የሚያመጣው ጣጣ

በኢንተርኔት ላይ የምታገኙት ምክር በአብዛኛው ከአውስትራሊያ ነው፤ እዚያ 1ኤችዜድ ላይ ቱርቦ መግጠም የቆየ ልማድ ነው። የሚሰጡት ቁጥር ግን ለባሕር ጠለል አካባቢ ነው። አዲስ አበባ ወደ 2,350 ሜትር ላይ ናት። የባሕር ጠለል አየር 14.7 ፒኤስአይ ሲሆን የእኛው 11.1 ገደማ ነው፤ ሩብ ያህሉ የለም። 130 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተጻፈው ሞተር እዚህ 100 አካባቢ ይዞ ነው የሚንፏቀቀው።

እስቲ አስሉት። አዲስ አበባ ላይ ጌጁ 3.6 ፒኤስአይ ሲያሳይ ሞተራችሁ ያገኘው አየር ጅቡቲ ወደብ ላይ ያለ ቱርቦ ከሚያገኘው ጋር እኩል ነው። የመጀመሪያው ሦስትና አራት ፒኤስአይ ከፍታው የወሰደውን መመለሻ ነው ማለት ነው። 10 ፒኤስአይ እዚህ ብታነቡ 11.1 ሲደመርበት 21.1 ይሆናል፤ ጅቡቲ ላይ 7 ያነበበ ሰው 21.7 አለው። ለፒስተኑ የእኛ 10 ከእነርሱ 7 ትንሽ ያነሰ ሸክም ነው።

ታዲያ ለምን 10 አልሰጥም? አንደኛ፣ ቱርቦው ራሱ ይደክማል። ጅቡቲ ላይ 7 ለመስጠት አየሩን አንድ ተኩል ጊዜ ያህል ይጨምቃል፤ እዚህ 10 ለመስጠት ወደ ሁለት እጥፍ። ቱርቦው በዚያ ልክ ይፈጥናል፤ የሚወጣው አየርም በ20 ዲግሪ ቀን 100 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። ኢንተርኩለር ከሌለ ያ ትኩስ አየር ቀጥታ ሞተሩ ውስጥ ነው የሚገባው። ሁለተኛ፣ መኪናው እዚህ አይቀመጥም። ዋስትጌቱን፣ ማለትም ግፊቱ ልኩ ላይ ሲደርስ የሚከፈተውን የቱርቦውን በር፣ የሚይዘው ስፕሪንግ የሚመዝነው ከውጭው አየር ጋር ነው፤ እዚህ 10 የተስተካከለው ሰመራም ጅቡቲም 10 ይሰጣል፤ ግን ጅቡቲ ላይ ድምሩ 24.7 ነው። በ40 ዲግሪ ሙቀት፣ ከነጭነት። 8 ላይ ያስቆመኝ ይህ ነው።

የናፍጣው ነገር ደግሞ በተቃራኒው ይሄዳል። ፖምፓው ቆላ ላይ ተስተካክሎ መኪናው ደጋ ሲወጣ፣ ናፍጣው ያው ሆኖ አየሩ ይቀንሳል። 7 ፒኤስአይ ያለው መኪና ጣርማ በር ላይ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ፣ ጅቡቲ ከሚያገኘው አየር አንድ አምስተኛ ያህል ይጎድለዋል። ስለዚህ ግፊቱን ስትወስኑ የምትወርዱበትን ዝቅተኛ ቦታ አስቡ፤ ናፍጣውን ስትወስኑ ግን ጭናችሁ የምትወጡትን ከፍተኛ ቦታ። አንዳንድ የ1ኤችዜድ ፖምፓዎች ከፍታን እያዩ ናፍጣ የሚቀንስ መሣሪያ አናታቸው ላይ አለ። የእናንተ ካለው «አፍኖብኛል» ብላችሁ አታስነቅሉት፤ መጀመሪያ ፖምፓ ቤት አስመርምሩት።

ከመግጠሙ በፊት

የእመቃ ልኬት ሳላይ ቱርቦ አልገጥምም። የማሞቂያ ካንዴሎቹን አውጥታችሁ ስድስቱንም ለኩ። መካኒኩ ማኑዋል ከፍቶ «ከዝቅተኛው በታች ነው፣ ሞተሩ አልቋል» ካላችሁ ግን አትደንግጡ፤ የማኑዋሉ ቁጥር ለባሕር ጠለል ነው። አዲስ አበባ ላይ ጤነኛ ሞተርም ሩብ ያህል ዝቅ ብሎ ይነበባል። የማኑዋሉን ቁጥር በ0.76 አባዙትና ከዚያ ጋር አወዳድሩ። ከዚያም በላይ የምጠነቀቀው በሲሊንደሮቹ መካከል ላለው ልዩነት ነው፤ አምስቱ ተቀራርበው አንዱ ለብቻው ከወረደ፣ ያንን ሳትፈቱ ወደ ቱርቦ አትሂዱ።

ኖዝሎቹን አውጥታችሁ መሞከሪያ ላይ ይታዩ። የሚያንጠባጥብ ኖዝል ናፍጣውን በጉም መልክ ከመርጨት ይልቅ በጅረት ያፈስሰዋል፤ ያ ጅረት የሚነድበት ቦታ ይበሳል። አንድ መጥፎ ኖዝል ብቻውን በ5 ፒኤስአይም ሞተር ይገድላል። የቫልቭ ክፍተትም ይለካ፤ የጭስ ማውጫው ቫልቭ ክፍተት ከጠበበ ቫልቩ በደንብ አይቀመጥም፣ ሙቀቱንም አያስተላልፍም። ራዲያተሩ፣ የማራገቢያው ፍሪሲዮን፣ የታይሚንግ ቺንጋው ዕድሜ... እነዚህን ታውቋቸዋላችሁ።

ገጠማው

ሶማሌ ተራ የሚሸጠው ያገለገለ ቱርቦ ሁሉ ለ1ኤችዜድ አይሆንም። ትልቁን መርጦ «ያበረታኛል» የሚል አለ፤ ትልቁ ቱርቦ ግን ቶሎ አይነሣም፤ በዝቅተኛ ዙር ናፍጣው ቀድሞት ይገባል፤ ዳገት መሀል ላይ ጭስ እንጂ ጉልበት የለም። ይህ ሞተር የሚሠራው በአብዛኛው ከ1,500 እስከ 3,000 ዙር ባለው መሀል ስለሆነ ቶሎ የሚነሣ መካከለኛ ቱርቦ ይሻለዋል። ዘንጉን በጣታችሁ ስትነቀንቁት የጎን ንቅናቄ ጥቂት ቢኖር ያለ ነው፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ከተንቀሳቀሰ ግን መልሱለት።

የዘይት መላሹ ቧንቧ ወፍራም ይሁን፤ ያለ መታጠፍ ቁልቁል ይውረድ፤ ወደ ካርተሩ የሚገባውም ከዘይቱ ልክ በላይ ይሁን። ቧንቧው ወገቡ ላይ ዝቅ ብሎ እንደገና ከወጣ ዘይቱ ይጠራቀማል፣ በቱርቦው ማኅተም በኩል ይወጣና ሰማያዊ ጭስ ታያላችሁ፤ ከዚያ ጥፋቱ የቱርቦው ይባላል። ማርሚታውም ይሰፋ፤ ከቱርቦው በኋላ ሁለት ተኩል ወይም ሦስት ኢንች ቧንቧ። የአየር ማጣሪያው ክላምፕ ሁሉ ይጥበቅ፤ የአፋር አቧራ በላላ ክላምፕ ገብቶ የቱርቦውን ምላጭ ይበላዋል።

ሁለት ጌጅ ሳይገጠም መኪናው ከጋራዤ አይወጣም። አንዱ የግፊት ጌጅ ነው፤ መስመሩን ከኢንተርኩለሩ በኋላ፣ ከማስገቢያው ማኒፎልድ ላይ ውሰዱ። ሁለተኛው የጭስ ሙቀት ጌጅ ነው፤ ዋናው እሱ ነው። ዳሳሹ ከቱርቦው በፊት፣ የጭስ ማኒፎልዱ የሚገናኝበት ላይ ተበስቶ ይግባ። ሲበሳ ማኒፎልዱ ወርዶ ይሁን፤ እላዩ ላይ እንዳለ ከተበሳ የብረት ፍርፋሪው ቱርቦው ውስጥ ነው የሚገባው። «ከቱርቦው በኋላ ማስገባቱ ይቀላል» የሚል አለ፤ ይቀላል፤ ግን በጭነት ጊዜ 100 ዲግሪና ከዚያም በላይ ዝቅ ብሎ ያነባል። ጌጁ 580 ሲል ማኒፎልዱ 700 ሆኖ ይገኛል።

ማስተካከያው

መጀመሪያ ፖምፓውን አትንኩ። ዋስትጌቱን 5 ላይ አድርጋችሁ ባዶ መኪና ንዱ፤ ጌጁን አንብቡ፤ ከዚያ 7 አድርሱት። እግር በድንገት ሲጫን መርፌው 10 እና 11 ዘልሎ ከተመለሰ ዋስትጌቱ ዘግይቶ ነው የሚከፈተው፤ ያ ዝላይ አጭር ቢሆንም የቴስታታውን ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ለማቃጠል ይበቃል። ወደ ዋስትጌቱ የሚሄደውን ጎማ ቱቦ አጥብቆ በማሰር ግፊት የሚጨምሩ ልጆች አሉ። ቱቦው አንድ ቀን ከተዘጋ ወይም ከወለቀ ዋስትጌቱ ጭራሽ አይከፈትም፤ ግፊቱ ቱርቦው እስከቻለ ድረስ ይሄዳል።

የእኔ ልክ ይህ ነው፦ ከቱርቦው በፊት እየተነበበ፣ ረጅም ዳገት ላይ ያለማቋረጥ እስከ 650 ዲግሪ፤ ለአጭር ጊዜ፣ ለምሳሌ መኪና ስትቀድሙ፣ እስከ 700። 720ን ካያችሁ እግራችሁን አንሡ።

ናፍጣ መጨመር ካስፈለገ ፖምፓው ኋላ ያለችውን ብሎን ማጥበቂያዋን አላልታችሁ ወደ ውስጥ አንድ ስምንተኛ ዙር ብቻ፤ ከዚያ መንገድ ላይ ሞክሩ። ባዶ ዙሩ ከጨመረ ወደ ቦታው መልሱት። ከፋብሪካው የወጣው የ1ኤችዜድ ፖምፓ ቱርቦው መነሣቱን የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ ግፊት ሲመጣ ብቻ ናፍጣ የሚጨምር ዲያፍራም ያለው አናት ጥሩ ፖምፓ ቤት ሊገጥምላችሁ ይችላል። ያ ከሌላችሁ ልኩን የሚወስንላችሁ ቱርቦው ሳይነሣ በፊት፣ ከ1,800 ዙር በታች የምታዩት ጭስ ነው። እዚያ ጥቁር ካጨሰ አልፋችኋል፤ መልሱት።

የመጨረሻው ፈተና የአባይ በረሃ ነው። ከዚያ የተሻለ መሞከሪያ አላውቅም። ድልድዩ ከ1,000 ሜትር ትንሽ ከፍ ይላል፤ ሙቀቱ ከፍተኛ ነው፤ ወደ ደጀን የሚወስደው መንገድ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ሳያሳርፍ ይወጣል፤ አናቱ 2,400 ሜትር አካባቢ ነው። መኪናውን በተለመደው ጭነቱ ጫኑትና በሦስተኛ ማርሽ ጀምሩ። ሾፌሩ መንገዱን ይይ፤ ጌጁን ሌላ ሰው ያንብብ። እኔ ከጎን ስቀመጥ የማየው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ኩርባዎች ላይ መርፌው 550 አካባቢ ይቆማል፣ የውሃው ጌጅ አይነቃነቅም፣ ሾፌሩ ደስ ይለዋል። ወደ መሀል ስንደርስ አራተኛ ማርሽ ያስገባል፤ ዙሩ 1,700 ይወርዳል፤ እግሩ እስከ ወለሉ ነው። ያኔ መርፌው በአንድ ትንፋሽ 600፣ 640፣ 680 እያለ ይወጣል። የውሃው ጌጅ አሁንም እንደተኛ ነው፤ ውሃው የሚነግራችሁ ከደቂቃዎች በኋላ፣ ፒስተኑ ከሰማ በኋላ ነው። «ቀንስ» እለዋለሁ። ወደ ሦስተኛ ሲመልስ ዙሩ ይጨምራል፣ አየሩ ይበዛል፣ ፍጥነታችን ብዙም ሳይቀንስ መርፌው ወደ 600 ይመለሳል። ጌጁን መግዛት ብቻ አይበቃም የምለው ለዚህ ነው፤ ሾፌሩ ማርሽ ቀንሶ ሙቀት ማውረድን ልማድ ማድረግ አለበት። ጌጁን አይቶ ማርሽ የሚቀንስ ሾፌር ጋራዥ ካለው ምርጥ ማስተካከያ ይበልጣል።

በሦስተኛ ማርሽም 650ን ካለፈ ናፍጣው በዝቷል፤ እዚያው ብሎኗን መልሷት። ደጀን ስትደርሱ ሞተሩን ወዲያው አታጥፉ፤ ጭሱ ከ250 በታች እስኪወርድ ባዶ ዙር ላይ ይቆይ፤ ካልሆነ ዘይቱ ቱርቦው ውስጥ ይነድዳል። ዘይት በ5,000 ኪሎ ሜትር ይቀየር።

ስለሌሎቹ ሞተሮች በአጭሩ

ዲፎርዲ የሚባለው 1ኬዲ ከፋብሪካው ቱርቦ አለው፤ ሰዎች የሚጨምሩበት ጉልበት ማሳደጊያ ቺፕ ነው። የፒስተን መሰንጠቅ ያለ ቺፕም የሚታወቅበት ሞተር ስለሆነ፣ የኖዝሎቹ የመላሽ ልኬት (የሚመልሱት ናፍጣ መጠን) ሳይታይ ቺፕ አታስገቡ። የቤንዚን ሞተር ላይ፣ ለምሳሌ ቪትዝ ላይ ቱርቦ ለሚያስቡ ወጣቶች ደግሞ፦ እዚያ የሚገድለው ኖክ ነው፤ ቤንዚኑ የሻማው እሳት ሳይደርስበት በራሱ ሲነሣ የፋሻ መቀመጫ ይሰብራል፣ ቢዬላ ያጎብጣል። ሁሉም የሚያወራለት 2ጄዜድ ጂቲኢ ብዙ ግፊት የሚችለው ከመጀመሪያው በ8.5 ለ1 እመቃ ለቱርቦ ስለተሠራ ነው፤ ወንድሙ 2ጄዜድ ጂኢ 10 ለ1 ነው። የእናንተው ቪትዝም ወደዚያ ወደ ሁለተኛው ይጠጋል።

ከገጠማው በኋላ

ከ1,000 ኪሎ ሜትር በኋላ መልሳችሁ አምጡት። የጭስ ማኒፎልዱ ብሎኖች ሲሞቁና ሲቀዘቅዙ ይላላሉ፤ በቀዝቃዛ ሞተር ይጥበቁ። ጠዋት ሞተሩ ሳይነሣ የራዲያተሩን የላይኛውን ጎማ ጨብጡት፤ ሌሊቱን ቀዝቅዞ አድሮ አሁንም ከጠጠረ የሲሊንደር ግፊት ወደ ውሃው እያመለጠ ነው። ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍታችሁ እዩ፤ ከበፊቱ የባሰ የሚነፋ ከሆነ ፋሻ ነው። ከነዚህ አንዱ ከታየ ዋስትጌቱን ወደ 5 አውርዱ፣ ናፍጣውን ወደ ቀድሞው መልሱ፣ ጭነት አትጫኑ፤ ቴስታታው ሳይሰነጠቅ ከተያዘ ጓርኒሲዮን በመቀየር ብቻ የሚያበቃበት ዕድል አለ።